መጋረጃው የዋጠው ቃል

ችኩሌን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ በእሱ ፊት ማንም የጀመረውን ወሬ አይጨርስም። ደንበኛ መጥቶ «መጋረጃው ትንሽ…» ካለ፣ «አጠረ! አውቄዋለሁ፣ ይኼ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል» ብሎ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ይመዛል። «ኧረ ረዘመ ልልህ ነው» ሲሉት ደግሞ ቅንጣት ሳያፍር፣ «እሱማ ይረዝማል!» ይላል።

ሥራው መጋረጃ ነው። ጨርቁን እሱ ይለካል፣ እሱ ይቆርጣል፣ ሚስቱ ትሰፋዋለች፤ ከዚያ መሰላሉን ተሸክሞ ሄዶ በየሰው ቤት መስኮት ላይ ይሰቅላል። ሱቃቸው በፀጉር አስተካካዩና በሰዓት ጠጋኙ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ የናሙና ጨርቆች ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥለዋል፤ በሩ ሲከፈትና ነፋስ ሲገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረታቸውን ነፍተው ይተነፍሳሉ። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት። ሚስቱ ብርሃን በሚወድቅበት በኩል ተቀምጣ ስትሰፋ ታንጎራጉራለች። የምታንጎራጉረው ደግሞ አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤

መስኮቴ ከላይ ነው፣ መሰላል አይደርሰው፤
በዜማ ነው እንጂ፣ በእግር አይወጣም ሰው።

ይህችን ዘፈን በሰማ ቁጥር ችኩሌ መቀሱን ከሚገባው በላይ ያጮኸዋል። ዘፈኗ የእሱ አይደለችማ። የሎጋው ናት።

ነገሩ ከሩቅ ይነሳል። ድሮ፣ የሁለቱም ፀጉር እንደ ጥላሸት ጥቁር ሳለ፣ ከተማው መሀል ባለው የቴአትር አዳራሽ «የጠፋው ቁልፍ» የተባለ ኮሜዲ ታየ። ዛሬ ስሙን የማያውቅ የለም፤ ያየ ላላየ እየተረከው ሕፃን አዋቂው ቀልዱን በቃሉ ይለዋል። ያኔ ግን ገና ጥሬ፣ ገና የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። ታሪኩም ቀላል ነው። ንፉግ አባት አንዲት ሴት ልጁን ሰገነት ላይ ቆልፎባት ሳለ ቁልፉ ይጠፋል። አንዱ ፈላጊዋ መሰላል ይዞ ይመጣል፤ መሰላሉ ያጥረዋል። ሌላው ቁልፍ ሠሪ ነኝ ብሎ ይመጣል፤ ጣቱ በሩ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። አንድ ድሃ ዘፋኝ ደግሞ አለ፤ ከመስኮቷ ሥር ቆሞ ከመዝፈን በቀር ምንም አያውቅም። አባት፣ ገረድና ፈላጊ ሁሉ ቁልፍ ሲያስሱ፣ አንዱ የሌላውን ኪስ ሲበረብር፣ ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሲንፈራፈር ያመሻል። በመጨረሻ፣ ማንም ሳይነካው፣ በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ልጅቷ ደፉ ላይ ቆማለች። ዘፋኙ እጆቹን ዘርግቶ ወደ እሷ ይራመዳል።

ዘፋኙን ሆኖ የሚጫወተው ሎጋው ነበር። ቁመቱ መለሎ፣ ድምፁ ማር፤ በመንገድ ሲያልፍ መስኮት የሚያስከፍት ወንድ። ልጅቷ ደግሞ የዛሬዋ የችኩሌ ሚስት ናት።

ችኩሌ የአዳራሹ አናጢ ነበር። ያንን የሰገነት በር የሠራው እሱ ነው። በመክፈቻው ቀን ልጅቷ መጥታ በሩን ከፈት ዘጋ አደረገችና ፊቷን አኮሳተረች።

«ወንድሜ፣ ይኼ በር ሲከፈት ያቃስታል።»

«ኮሜዲ አይደል እንዴ? ይሳቅ እንጂ» አላት።

«በሌላው ላይ እንደ ልባቸው ይሳቁ። እኔ ስወጣ ግን ትንፋሻቸውን እንዲውጡ ነው የምፈልገው። አደራ።»

አደራ አለችው። ይህን ብላ ሄደች፤ ችኩሌ ቀኑን ሙሉ ማጠፊያውን ዘይት ሲያጠጣ፣ የበሩን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ዋለ። ማታ ላይ በሩ ሲከፈት እናት የሕፃን ብርድ ልብስ ስትገልጥ የሚሰማው ድምፅ እንኳ አይሰማበትም ነበር። የሰውን በር እያለሰለሰ የገዛ ልቡ መከፈቱን ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

በዚያው ቀን መጋረጃ ሳቢው ታሞ ቀረ። የቴአትሩ አዘጋጅ ላብ በላብ ሆኖ ችኩሌን ክንዱን ይዞ ገመዱ ሥር አቆመው።

«ስማ፣ በሩ ይከፈታል፤ እሱ እጁን ይዘረጋል፤ ከዚያ እሷ የመጨረሻ ግጥሟን ትላለች። ግጥሟን ስትጨርስ…»

«እለቀዋለሁ። ገብቶኛል» አለ ችኩሌ።

በሩ ተከፈተ። አዳራሹ፣ እንዳለችውም፣ ትንፋሹን ዋጠ። ሎጋው እነዚያን ረጃጅም ክንዶቹን ዘርግቶ ተራመደ። ልጅቷ ቃል ልታወጣ ከንፈሯን ከፈተች። ችኩሌ ግን ግጥም የሚባል ነገር ትዝም አላለው፤ የሚታየው የሎጋው ክንድ ብቻ ነው። ክንዱ ቀረበ። ክንዱ ልብሷን ሊነካ ነው። ያን ጊዜ የችኩሌ እጅ፣ ጌታውን ሳያማክር፣ ገመዱን ለቀቀ። መጋረጃው እንደ ጭልፊት ወረደና ታችኛው እንጨት የሎጋውን አናት አገኘው።

ከዚያ አንድ ሰው፣ «ማን ከፈተው?» ሲል ጮኸ። «ገረዷ ናት!» አለ ሌላው። «አባትየው ነው፣ ልቡ ራርቶ!» «ዘፋኙ ነው እንጂ፣ ዘፈኑ ብረት ያቀልጣል!» ሰው እየተከራከረ ወጣ፤ ደጅ ላይ እየተከራከረ ቆመ፤ እርግጡን ለማየት የነገውን ትኬት እየተጋፋ ገዛ። አዘጋጁ ችኩሌን ሊሞልጭ የጀመረውን ስድብ ከመንገድ መለሰው። «ከዛሬ ጀምሮ አንተው እዚህችው ላይ አውርደው» አለ። «መጨረሻውን ለሰው የተናገረ ከእኔ ጋር ተቆራረጠ!»

እንዲህ ሆኖ የአንድ ቀናተኛ እጅ የሠራው ስሕተት ሥርዓት ሆነ። ጽሑፉ ታትሞ አያውቅም፤ ሰው የሚያውቀው መድረክ ላይ ያየውን ነው፤ ስለዚህ ከተማው እስካሁን ይከራከራል። ችኩሌም ስሙን ያገኘው በዚያን ዕለት ነው። የተጎዳችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ያቺን ግጥም ስንት ቀን መስታወት ፊት ቆማ ስታጠና የኖረች ልጅ፣ በየማታው መጋረጃው እንደ ወረደ ገመዱ ሥር ትመጣና ወገቧን ትይዛለች።

«አንተ! ዛሬም ቃሌን ዋጥከው!»

«ነገ እጨምርልሻለሁ።»

«ምን ትጨምራለህ? ጨው ነው?»

ሰው በፍቅር ቀጠሮ ይገናኛል፤ እነሱ በጠብ ቀጠሮ ተገናኙ። ስድቡ ወደ ቀልድ፣ ቀልዱ ወደ ሽኝት፣ ሽኝቱ ወደ አንድ ጣሪያ ወሰዳቸው። ሎጋው በሠርጋቸው ላይ ዘፈነ፤ ችኩሌ ግን ለዚያ ዘፈን እስከ ዛሬም ድረስ አላጨበጨበም።

በተጋቡ ሰሞን ሚስቱ፣ «ያን የመጨረሻ ቃል ልንገርህ?» ብላው ነበር።

«ተይው» አላት፣ ገና ጥያቄው ከአፏ ሳይወጣ።

«እንግዲያው አንተው ሳትጠይቀኝ ትንፍሽ አልልም።»

እልኸኛ ናት፤ አላለችም። እሱም አልጠየቀም። እንዴት ይጠይቅ? እጁን ዘርግቶ ለቆመ መልከ መልካም የሚባል ቃል ምን ሊሆን ይችላል? በየቤቱ መሰላል ላይ ቆሞ የመጋረጃ ቀለበት ብረቱ ላይ ሲሰካ፣ በልቡ ያን ያልሰማውን ግጥም ራሱ ይደርሰዋል። አንድ ቀን «ዓይኔ» የሚል ያገባበታል፤ ሌላ ቀን «ካለ አንተማ ሕይወቴ» የሚል። ይህን ያህል በፍቅር ግጥም የደከመ ሰው በአገሩ የለም፤ ሁሉንም የደረሰው ደግሞ ለባላንጣው ነው። ቅናት እንደዚህ ነው፤

ቅናት እሳት አይደል፣ ጭስ የለው ነበልባል፤
እንደ ብል ነው እንጂ፣ ውስጥ ውስጡን ይበላል።

ብልን ደግሞ ከመጋረጃ ሰፊ በላይ የሚያውቀው የለም። ጨርቁ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ነው ቀዳዳው የሚታየው።

እና አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ነርሷ ልጃቸው ከሥራ መልስ የሱቁን በር በርግዳ ገባች። ጨርቆቹ ሁሉ ተነፈሱ።

«እማዬ፣ አባዬ፣ የምሥራች! ያ የድሮው…»

«ልታገቢ ነው!» አለ ችኩሌ።

«ኧረ አባዬ በእናትህ አስጨርሰኝ! ‹የጠፋው ቁልፍ› ፊልም ሆኖ ወጥቷል። የፍቅር ፊልም አድርገውታል፣ ያየ ሁሉ አብዷል። የእሑድ ትኬት ይዤላችኋለሁ።» ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ዘረጋች፤ አንዲት ወጣት ደፍ ላይ ቆማለች፤ ከሥሯ በትልልቅ ፊደል፣ «መጋረጃው የደበቀው መጨረሻ!» ይላል። «ጋሽ ሎጋው ደግሞ አባትየውን ሆኖ ይጫወታል። በሳቅ ይገድላል አሉ።»

የስፌት መኪናዋ ዝም አለች። ሚስቱ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደ ተሰካ ትታ ቀና አለች።

«እስከ መጨረሻው ያሳያሉ?»

«እስከ መጨረሻዋ ቃል፣ እማዬ። ደራሲው እንደ ጻፈው።»

ሚስቱ ችኩሌን አየችው። ችኩሌ አሁን የለካውን ጨርቅ እንደገና ይለካ ነበር።

«እሑድ እንኳ» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ «የጥርስ ሐኪሟ መጋረጃ…»

«ሰኞ ይሰቀላል» አለች ሚስቱ። ይኸው፣ እሷም አንድ ቀን ከአፉ ነጠቀችው።

እስከ እሑድ ድረስ ችኩሌ እህል አልጣመውም። ኖሮ ኖሮ፣ ጆሮውን ደፍኖበት የኖረው ቃል በአደባባይ ሊነገር ነው። ካልተሰማ የለም ብሎ ነበር የኖረው። አሁን ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ በዚያ ሰፊ ሸራ ላይ፣ ሚስቱ ለሎጋው ይዛው የነበረውን ነገር ሰምቶ ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር ወደ ቤት መመለስ አለበት። ቃሉን ስትሰማ ፊቷ ምን ይመስል ይሆን? ከዚህ በላይ የሚያስፈራው ነገር አልነበረም።

እሑድ መጣ። ሚስቱ መስታወት ፊት ቆማ ሰማያዊ ሻሿን አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረች።

«ለሲኒማ ነው ይኼ ሁሉ?» አለ ከበሩ። «ጨለማ ውስጥ ማን ያይሻል?»

«አንተ ታየኛለህ።»

«እኔማ ሁልጊዜ አይሻለሁ።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ደህና ሆኜ እየኝ!»

እሱም ቢሆን ጠዋት ፂሙን ተላጭቶ ሲያበቃ፣ ማንም ሳያየው ደግሞ ተላጭቷል። የሠርጉን ኮት ከሣጥን አውጥቶ ለብሷል፤ ቁልፎቹ ግን ከቀዳዳዎቻቸው ከተለያዩ ቆይተዋል፤ ሆዱን እየሳበ ሊያስታርቃቸው ሞክሮ ተወው።

የሲኒማ ቤቱ አዳራሽ ደጃፍ በሰው ተጨናንቋል። መሀል ላይ ሰዎች ከበው ፎቶ የሚነሱት አንድ ሽማግሌ ነበር። ሎጋው ነው። ጀርባው ጎብጧል፤ ያ ሎጋነት ከእሱ ወጥቶ ወደ ከዘራው የተዛወረ ይመስላል። ድምፁ ግን፣ የተረገመ ድምፁ፣ አሁንም ማር ነው። ሚስትየዋን ሲያያት ከዘራውን አነሳና በዚያ በድሮው ዜማ፣

«እመቤቴ! በሩን ክፈቺልኝ!» ሲል ጠራት።

ሳቀች። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ሙሉ ጥርሷ እየታየ ሳቀች። ችኩሌ ይህን ሳቅ በቤቱ ሰምቶት አያውቅም። ወይም ሰምቶታል፤ ቀናተኛ ግን የደረሰውን አይቆጥርም፣ የሚቆጥረው ለሌላ የደረሰውን ነው። ሎጋው አቅፎ ጉንጯን ሳማት፤ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ ግራ። ችኩሌ ከየትኛውም ጉንጭ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

«ችኩሌ! አለህ? ና እስቲ ወንድሜ፣ አናቴን እይልኝ!» ሎጋው ጎንበስ ብሎ በራውን አሳየው። «ጠባሳው እስካሁን አለ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ስናገር፣ የጦር ሜዳ ጉዳት ነው እላለሁ፤ የመጋረጃ ነው ብል ማን ያከብረኛል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። «ይቅርታ» አለ ችኩሌ በጥርሱ፣ «እጄ አምልጦኝ ነው።»

«ዛሬ ግን ጉድህ ፈላ!» ሎጋው በከዘራው ደረቱን ነካ አደረገው። «እዚህ ቤት መጋረጃ የለም። ብትፈልግ በሩ ላይ ተንጠልጠል!» ይህን ብሎ ከእነሱ ጋር ገብቶ፣ ማንም ሳይጋብዘው፣ ከሚስትየዋ በስተግራ ቁጭ አለ። ችኩሌ በስተቀኝ ተቀመጠ። እሷ መሀል ሆና ሻሿን አስተካከለች። መብራት ጠፋ።

ችኩሌ ፊልሙን ላለመውደድ ቆርጦ ነበር የገባው። ለጥቂት ጊዜም ጸና። ሰገነቱ ታየ፤ ከድንጋይ የተሠራ እውነተኛ ሰገነት፣ ሐረግ የለበሰ፤ ዝናብ በመስኮቱ ላይ እንደ ክር ይወርዳል። ችኩሌ መጀመሪያ ያየው መጋረጃውን ነው፤ ስስ ነጭ ጨርቅ፣ ታቹ በደንብ የተቀመቀመ። «ደህና ሰፍተውታል» አለ ሳያስበው። ከዚያ በሩ ተከፍቶ ገረዷ ገባች፤ በሩ አቃሰተ።

«ኧረ ያቃስታል! ዘይት የላቸውም እንዴ?» አለ ጮክ ብሎ።

«እሽ!» አሉ ከኋላ።

ሚስቱ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እየሳቀች ነበር፤ በእሱ። ደስ አለው፤ ግን ደስታው ሳይቀመጥ፣ ሸራው ላይ ሎጋው ብቅ አለ። ንፉጉ አባት ሆኖ፣ በሌሊት ልብሱ፣ ቁልፉን ሲፈልግ ከምንጣፉ ሥር፣ ከማሰሮው ውስጥ፣ በመጨረሻ ከገዛ አፉ ውስጥ በጣቱ ሲበረብር ታየ። አዳራሹ ፈነዳ። ሚስቱ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ችኩሌ ከንፈሩን ነክሶ ያዘ፣ ያዘ፣ ከዚያ አፍንጫው ከዳውና እንደ ፈላ ጀበና ገንፍሎ ሳቀ። የሚጠላው ሰው አስቆት ስለማያውቅ፣ ሳቁ ደረቱን አመመው። ቁልፍ ሠሪው ጣቱ ሲቀረቀር ደግሞ ራሱ አናጢ የነበረ ሰው ያን ሕመም ያውቀዋልና የገዛ አውራ ጣቱን ጨብጦ ሳቀ። ፊልሙ ያምር ነበር። ምን ይደረግ፣ ያምር ነበር!

ዘፈኑ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ወጣቱ ዘፋኝ ዝናብ እየመታው ከመስኮቱ ሥር ቆመና ያቺን ግጥም በለሆሳስ ጀመራት። ችኩሌ ጎኑን ሰረቅ አድርጎ አየ። የሚስቱ ከንፈር ከዘፈኑ ጋር ይንቀሳቀሳል። ከእሷ ወዲያ፣ የሽማግሌው ከንፈርም ይንቀሳቀሳል። ሁለት ከንፈር፣ አንድ ዘፈን፤ እሱ ከዳር፣ እንደ ድሮው፣ ገመድ ሥር የቆመ። ብሉ መብላት ጀመረ። አልቻለም፤ ልዝፈን ብሎ ከንፈሩን ከፈተ፤ እና ገረመው፣ አንዲት ቃል አልሳተም። የእያንዳንዷን ስንኝ መውጫና መግቢያ ያውቀዋል። ከየት ተማረው? አንድም ቀን ሎጋው ሲዘፍነው ጆሮውን ሰጥቶት አያውቅም። ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ከስፌት መኪናዋ፤ ዕድሜውን ሙሉ መቀስ እያጮኸ ሲሰማው የኖረው ነው።

ይህን ገና በቅጡ ሳያስበው መጨረሻው ደረሰ። ሙዚቃው ዝም አለ። በሩ፣ ያ የሚያቃስተው በር፣ ዛሬ ያለ ድምፅ ተከፈተ። ልጅቷ ደፉ ላይ ቆመች። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ወጣቱ እጆቹን ዘረጋ።

የችኩሌ ቀኝ እጅ ጉልበቱ ላይ ተጨበጠ። ገመዱ መዳፉ ውስጥ ያለ መሰለው፤ ሻካራው፣ ክብደቱ፣ ሁሉም ነገሩ። ለቀቀ። ምንም አልወረደም። ሸራው እንዳለ ነው፤ ልጁ አንድ እርምጃ ተራመደ። እንደገና ጨብጦ እንደገና ለቀቀ። ምንም።

«ውሃ ልጠጣና…» ብሎ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል፣ ሚስቱ የኮቱን እጅጌ ያዘችው።

«ቁጭ በል» አለችው በሹክሹክታ። «ዛሬ አታወርዳትም።»

ቁጭ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ፊቷን ማየት አለብኝ ብሎ፣ የፈራውን ሁሉ ለማየት ቆርጦ፣ ገለጠው። ፊቷ ወደ ሸራው አልነበረም። ወደ ሎጋውም አልነበረም። ወደ እሱ ዞራ ነበር። የጨበጠውን እጁን ወስዳ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታችው። ሸራው ላይ ልጅቷ እጇን ወደ ቀሚሷ ኪስ ሰደደችና፣ ሁሉም ሲፈልገው ያመሸውን ቁልፍ አወጣች። አዳራሹ «ኧ!» አለ። ተዋናይቷ አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ ግማሽ ትንፋሽ ቀድማ፣ ሚስቱ በጆሮው አለችው፤

ቁልፉስ በእጄ ነበር፣ አልጠፋም ከጎኔ፤
በሩን የዘጋሁት፣ ልመርጥህ ነው እኔ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁካታ ችኩሌ እንደ ሩቅ ዝናብ ነው የሰማው። «ራሷ ናት! ራሷ ነበረች!» ይላል አንዱ። «ገረዷ ያልከው የት አለህ?» ይላል ሌላው። ወንበር ይንጓጓል፣ ይጨበጨባል፣ ዕድሜ ልካቸውን የተከራከሩ ሽማግሌዎች ይተቃቀፋሉ። መብራት በራ። ችኩሌ በሚስቱ ትከሻ አሻግሮ ባላንጣውን ተመለከተ። ሎጋው አገጩን ከዘራው ላይ አስደግፎ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ችኩሌ ረጅም ጊዜ አየው። ለዚህ ሰው ነው ያ ሁሉ ግጥም የተደረሰው? ሊስቅ ፈለገ፤ ትንሽም ሆዱ ባባ። ጎንበስ ብሎ ከሎጋው ትከሻ የወረደውን ኮት ደረብ አደረገለት።

ደጅ ላይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሰው በየጥጉ ተሰብስቦ ያወራል። ችኩሌ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ቆመ።

«ቃሉ ለእሱ ነበር የተጻፈው» አለ።

«ለእሱ ነበር የተጻፈው።»

«ታዲያ…»

«ታዲያ አስጨርሰኝ!» ጣቷን አነሳችበት። ችኩሌ አፉን ዘጋ። «ለእሱ ተጻፈ። እኔ በየማታው አፌ ላይ ይዤው ወጣሁ፤ በየማታው አንተ ጋረድከኝ። መጋረጃው ሲወርድ ያን ቃል ሳልናገረው ይዤ ወዴት ነበር የምሄደው? ወደ ሎጋው ነው? እሱ አናቱን ይዞ ‹ኡኡ› ይላል። እኔ ወዴት ነበር የምመጣው?»

ችኩሌ በልቡ መለሰ። ገመዱ ሥር። በየማታው ገመዱ ሥር ነበር የምትመጣው፤ ወገቧን ይዛ።

«ስድብ ይዘሽ ነበር የምትመጪው» አለ በመጨረሻ።

«በሩን መዝጋቴ ነዋ!» አለችና ሻሿን ወደ ኋላ ወረወረች። «ያን ሁሉ ዘመን ‹ምን ነበር ቃልሽ?› ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ምላስህ ይቆረጥ ነበር?»

ችኩሌ የኮቱን ቁልፍ ያለ ቀዳዳው ነካካ። እንደ ወትሮው ከአፏ ነጥቆ የሚጨርሰው ነገር አልነበረም። መንገዱን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣

«እዚያ ውስጥ እኮ ይጮኹ ነበር» አለ። «በደንብ አልሰማሁትም። እስቲ ድገሚው።»

ሚስቱ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የጆሮውን ጫፍ አየች፤ ከመስማቱ ብዛት እስካሁን ቀልቷል።

«መስማት ከፈለግህ ትኬት ቁረጥ» አለችው።

ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ያዩት ሁሉ ደግመው ሊያዩ ተሰልፈዋል። ችኩሌ ኮቱን ሳብ ሳብ አድርጎ ከጭራው ቆመ። ማንንም ሳይቀድም፣ የማንንም ወሬ ሳያቋርጥ፣ ተራው እስኪደርስ ጠበቀ። ሚስቱ ከአጥሩ ጥላ ሥር ሆና ያቺን ዘፈን ታንጎራጉራለች፤ እሱም ከወዲያ ሆኖ በአፍንጫው ይቀበላታል።

«ስንት?» አለች ትኬት ሻጯ።

«ሁለት።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔና እሷ ብቻ። ልጄ፣ ከከዘራ የራቀ ቦታ ይኖርሻል?»